ያለ ሲሚንቶ

ከባለቤቴ ጋር ያደረግነው የመጨረሻ ተራ ነገር የእግሩን ጥፍር መቁረጥ ነበር። እሱ ሁለት ትራስ የተደራረበበት ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ እኔ መነጽሬን አድርጌ እግሩ ሥር በርጩማ ላይ ነኝ። የዳሌው መገጣጠሚያ በብረት ከተቀየረ አራተኛ ሳምንቱ ስለነበር ጎንበስ ማለት ተከልክሏል። አንዱን ጥፍር ጠለቅ አድርጌ ስቆርጠው እግሩን ሰበሰበና፣ «ሐኪሙ የተወውን አንቺ ልትጨርሺው ነው?» አለኝ። ዝም በል አልኩት። የቸኮልኩት የንስሐ አባታችን ሊጠይቁት እንደሚመጡ ስላስነገሩ ነው። እንደዚያ ያደገ ጥፍር እንዲያዩብኝ አልፈለግሁም። ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩ ሴት ነኝ፤ ከበሽታ ይልቅ መታማትን እፈራለሁ።

ይህን የምጽፈው አንድ ጥያቄ አልለቅ ስላለኝ ነው። አጥንቱን የሰበርኩት እኔ ነኝ ወይስ አይደለሁም?

ባለቤቴ ግንበኛ ነበር። ከሞጆ እስከ መቂ ድንጋይና ብሎኬት ሲደረድር፣ መወጣጫ ላይ ሲወጣና ሲወርድ ኖሮ ዳሌው አለቀ። አዳማ ቀዶ ሕክምና ሊሠራለት የተስማማው ሐኪም ሁለታችንንም አስቀምጦ በትዕግሥት አስረዳን። ብረቱ ጭን አጥንት ውስጥ የሚጸናው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ በአጥንት ሲሚንቶ ነው፤ ወዲያው ይይዛል። ሌላው ያለ ሲሚንቶ ነው፤ ብረቱ እየተመታ ጥብቅ ብሎ ይገባና አጥንቱ ራሱ ቀስ በቀስ እያደገ ይይዘዋል። የባለቤቴ አጥንት ስስ ስለሆነ ሲሚንቶው እንደሚሻል ነገረን። ያለ ሲሚንቶ ከሆነ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አጥንቱ በብረቱ ዙሪያ ሊሰበር ይችላል አለ። ሲሚንቶውም ቢሆን በሚገባበት ሰዓት አልፎ አልፎ የደም ግፊት አውርዶ ልብን ያስቸግራል፤ ነገር ግን እየተከታተልን ነው የምንሠራው አለን።

እኔ ከዚያ ሁሉ የሰማሁት ልብ የሚለውን ብቻ ነው። ተማሪዎቼን «አንቀጹን እስከ መጨረሻው ሳታነቡ አትመልሱ» እያልኩ ስቆጣ የኖርኩት እኔው ነኝ።

«ዶክተር፣» አልኩት፣ «ይሄ ሰውዬ በገዛ እጁ ያቦካው ሲሚንቶ የኩሽናዬን ግድግዳ እንኳ ሦስት ክረምት አልያዘልኝም። ልቡ አጠገብ አላስደርሰውም።»

ሐኪሙ ሳቀ። የአጥንት ሲሚንቶ ከግድግዳው ጋር ዝምድና እንደሌለው ሊያስረዳኝ ሞከረ። ከዚያ ፊቱን ወደ ባለቤቴ አዞረና ምርጫው የእርስዎ ነው አለው። ባለቤቴ እኔን አየኝ።

«እሷ ያለችው ይሁን። ከሲሚንቶ ጋር አርባ ዓመት ኖሬያለሁ፤ ይበቃኛል» አለና ፈረመ። እኔ አሸነፍኩ ብዬ ተደሰትኩ። ወደ ቤት ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ ስለ አጥንት ለሾፌሩ ሳይቀር አስተማርኩት።

ቀዶ ሕክምናው በሰላም አለቀ። እርምጃ የምታስተምረው ባለሙያ የአርሲ ደራ ልጅ ነበረች። በምርኩዙ አንድ እግር ባነሳ ቁጥር «ሱታ፣ ሱታ» ትለዋለች በኦሮምኛ፤ ቀስ፣ ቀስ። ለእኔም ለብቻዬ ነገረችኝ። ሲነሳ ምርኩዙን ይዞ ይነሳ፤ በተሠራው እግር ላይ ቆሞ እንዳይዞር፤ ብረቱ ገና አልያዘም።

ችግሩ ጠያቂ ነው። እኛ ዘንድ ሰው ሲገባ የተቀመጠ ሰው «ኖር» ብሎ ይነሳል። ባለቤቴ በዚህ ነገር ሰነፍ ነበር። መቀመጫውን አንድ ጣት ያህል ከፍ ያደርግና መልሶ ያሳርፈዋል፤ በእሱ ቤት ተነሥቷል። ትዳራችንን ሙሉ በዓይኔ እየጎሸምኩ አስነሥቼዋለሁ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ግን ሕጉን ገለበጥኩት። በጥሩ የእጅ ጽሕፈቴ «ታማሚው አይነሡም፤ ይቅርታ እንጠይቃለን» ብዬ ጽፌ በሩ ላይ ለጠፍኩ። ጎረቤቶቻችን እያነበቡ ሳቁብኝ። እሱም «ሠላሳ ስምንት ዓመት የለመንኩት ፈቃድ ዛሬ በጽሑፍ ወጣልኝ» እያለ ለገባ ለወጣው ነገረ።

የንስሐ አባታችን በሚመጡበት በዚያ ቅዳሜ ጠዋት ግን ወረቀቱን ገነጠልኩት። መስቀል ይዘው ለሚገቡ አባት አይነሣም የሚል ወረቀት ደጄ ላይ ቢያነቡ ምን ይሉኛል? ሲወጡ መልሼ እለጥፈዋለሁ አልኩ።

ገቡ። ባለቤቴ አልተነሣም፤ ወረቀቱ በሩ ላይ ያለ መስሎት ነው። «እንደምን አደሩ አባ» አለ በተቀመጠበት። እኔም በዚያ ዓይኔ አየሁት።

«አባ መጡ እኮ!» አልኩት።

ይህን ያልኩበትን ድምፅ እሱ ያውቀዋል። አባ «ተቀመጥ ልጄ፣ አትነሣ» አሉ። እሳቸው ከልባቸው ነው ያሉት፤ ነገር ግን ሁላችንም እንደዚያ ስለምንል የጨዋ ልጅ ቃሉን ሰምቶ አይቀመጥም። ተነሣ። ምርኩዙን ሳይዝ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ግማሽ ሳይሆን ሙሉ ተነሥቶ፣ መስቀሉን ለመሳለም በተሠራው እግሩ ላይ ዞረ። አንድ ነገር ሲሰበር ሰማሁ። ወንበሩ መሰለኝ። እሱ መሬት ላይ ወድቆ ሳለ እኔ ለአንድ አፍታ በወንበሩ ተናደድኩ።

ጭን አጥንቱ በብረቱ ዙሪያ ተሰንጥቆ ነበር። እንደገና ተሠራ፤ በብረትና በሽቦ ታሰረ። አልጋው ላይ ሆኖ፣ «አየሽ፣ የእኔው ግማሽ መነሣት ነበር የሚያዋጣው» አለኝ። ሳቅኩ። ሌሎቹንም አስቅ ነበር፤ ነርሶቹ ደስ የምትል ሚስት አለችው ይሉኝ ነበር። በዘጠነኛው ቀን እግሩ ውስጥ የረጋ ደም ወደ ሳንባው ሄዶ ሞተ።

አርባው ካለፈ በኋላ ሐኪሙ ዘንድ ሄድኩ። ሳልቀመጥ ጠየቅሁት፤ የሰበረው ሲሚንቶውን መከልከሌ ነው ወይስ ማስነሣቴ?

«እማማ፣» አለኝ፣ «ያለ ሲሚንቶ መሆኑ አደጋውን ጨምሮት ይሆናል። ያለ ምርኩዝ መነሣታቸውም እንደዚሁ። አጥንታቸው ግን በጣም ስስ ነበር፤ በሲሚንቶ ተሠርቶም የሚሰበር አለ። ያለ ሲሚንቶ ልሥራ ብዬ የተስማማሁትም እኔ ነኝ። የትኛው እንደሆነ ለይቶ የሚነግርዎት ሰው አያገኙም።»

ፈተና ሳርም የኖርኩ ሰው ነኝ። ልክ ወይም ስሕተት እንዲለኝ ነበር የሄድኩት፤ እሱ ግን ለሁሉም መልስ ትንሽ ትንሽ ነጥብ ሰጠ። ተከራከርኩት። ጥፋቱን ጠቅልዬ ለራሴ ልወስድ ብሟገትም አልሰጠኝም። ስከራከረው ጀርባዬ መጉበጡን እያየ ነበር ለካ። አጥንትዎን ተለክተው ያውቃሉ ወይ አለኝ። ተለካሁ። የእኔ ከባለቤቴም የሳሳ ሆኖ ተገኘ። የተሰጠኝን መድኃኒት መመሪያ በዚህ ጊዜ እስከ መጨረሻው ቃል አነበብኩት፤ ሁለት ጊዜ።

ጥያቄዬ አሁንም አልተመለሰም። ሰኞ ሰኞ ጠዋት በባዶ ሆዴ አንዷን ክኒን በሙሉ ብርጭቆ ውሃ እውጣለሁ፤ ከዚያ በኋላ ግማሽ ሰዓት ጋደም ማለት ስለማይፈቀድ ጠረጴዛው አጠገብ ቀጥ ብዬ ተቀምጬ እጽፋለሁ።