የበረዶ ቤቱ ጥግ

ኡሙሰልማ ካርታ ትፈራለች። ከፈለጋችሁ ሳቁ፤ ባሏ ጣሃም ይስቅባታል። ግን እናንተም እንደሷ ልደታ ሰፈር ሻይ ቤት ኖሯችሁ፣ አንድ ጠዋት ካርታ የጠቀለሉ ሰዎች መጥተው "ልማት ነው" ብለው ሄደው፣ ቀጥሎ ግድግዳችሁ በቀይ ቀለም ምልክት ቢደረግበት፣ አለመፍራታችሁን አያለሁ። ያኔ ከፍርስራሹ ውስጥ ድስቶቿን እየለቀመች፣ "ትፈልጋላችሁ ወይ ብሎ የሚጠይቀን አንድ ሰው እንኳ ይጥፋ?" ብላ አልቅሳ ነበር። ይቺን ነገር ያዙልኝ።

በዲቪ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከመጡ በኋላ ኑሯቸው ከከተማዋ ዳር ዋይትሆል ሆነ። ጣሃ ዌርሃውስ ገባ፣ እሷ ኤርፖርቱ አጠገብ ካለ ሆቴል ኪችን። ኮቪድ ሲመጣ ሆቴሉ ተዘጋና እቤት ቀረች። ጣሃ ደግሞ የወሎዋ ሐይቅ ከተማ ልጅ ነው፤ ውሃ ካላየ ያመዋል። በዚያ ሰመር፣ ሙቀቱ ሲገባ፣ እሷንና ልጃቸውን ሸይማን መኪና ውስጥ ከቶ፣ ከሁለት ሰዓት በላይ ነድቶ ኢሪ ሐይቅ ዳር ፖርት ሀርሎ የምትባል ትንሽ ከተማ አወረዳቸው። ከተማዋ ወደብ አላት፤ ወደብ ከተባለ። አጥሩ ዝጓል፣ ጣውላው ተሰባብሯል፣ ከሱቆቹ ግማሾቹ ተዘግተዋል። ሰው ግን ማዕበሉን በሚከለክለው የድንጋይ ግድብ ላይ ተደርድሮ ዓሣ ያጠምዳል።

ጣሃ ያጠመደውን እሷ እዚያው ጠበሰችው፣ ሚጥሚጣ ነሰነሰችበት። ሽታው ሰው ጠራ። አንዱ ቀመሰ፣ ሌላው ቀመሰ፣ በሚቀጥለው እሁድ "ያቺ ሴትዮ መጥታለች?" እያሉ ይጠይቁ ጀመር። በዓመቱ ያገለገለች ፉድ ትሬለር፣ በመኪና የምትጎተት ምግብ መሸጫ ገዙ፣ ፈቃድ አወጡ። የወደቡ ጠባቂ ሽማግሌ ድሮ የዓሣ በረዶ ይቀመጥበት ከነበረው የድንጋይ ቤት ጥግ፣ ነፋስ የማይደርስበት ቦታ መርጦ ሰጣት። ኡሙሰልማ በሕይወቷ "የኔ" ብላ የቆመችበት ሁለተኛው መሬት ይኸው የበረዶ ቤቱ ጥግ ነው። ሆቴሉ ሲከፈት እንኳ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ብቻ ልሥራ ብላ፣ ዓርብ ዓርብ ትሬለሯን አስጎትታ ትከንፋለች።

በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ሃያ አንድ ኦክቶበር ላይ፣ ሳምቡሳ እየጠቀለለች ቀና ስትል አንዲት ወጣት ሴት ካርታ ጠቅልላ ቆማለች። ኡሙሰልማን መስኮቷን ዝጊው ዝጊው አላት።

ሴትዮዋ ሜጋን ትባላለች። ከተማዋ የወደቡን ዳር ልታድስ ተነስታ፣ ኮሎምበስ ዳውንታውን ያለ የፕላን ቢሮ ቀጥራለች፤ ሜጋን የዚያ ቢሮ ሠራተኛ ናት። ካርታዋን ትሬለሯ መስኮት ላይ ዘረጋችው። የእግር መንገድ፣ የልጆች መጫወቻ፣ አዲስ የጀልባ ማሰሪያ፣ በግድቡ በኩል ደግሞ መብራትና ውሃ የገባላቸው ትናንሽ ሱቆች። "እዚህ ላይ" አለች የበረዶ ቤቱን ጥግ በጣቷ እየነካች፣ "አንዱን ሱቅ ላንቺ ላድርገው? ትፈልጊያለሽ?"

ትፈልጊያለሽ ወይ! ኡሙሰልማ ልቧ ሊፈነዳ ደረሰ። መብራት ያለው፣ ጣሪያ ያለው ሱቅ፣ ያውም እዚያው ጥጓ ላይ! እና ምን አለች መሰላችሁ? እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አንገቷን ሰበር አደረገችና፣ "ኖ፣ ኖ፣ አትቸገሪ። ለሌሎቹ ስጪ" አለች።

"እርግጠኛ ነሽ?" አለች ሜጋን።

"እርግጠኛ ነኝ፣ ኧረ አትቸገሪ።"

እንግዲህ እንደሷ ወሎ ያደገ ሰው ይህን ያውቀዋል። ሰው "ብላ" ሲልህ መጀመሪያ "አይ፣ ጠግቤያለሁ" ትላለህ። "በአላህ!" ይላል። "ወላሂ ጠግቤያለሁ" ትላለህ። "አፈር ስሆን!" ሲልህ ያን ጊዜ እጅህን ታጥበህ ትቀርባለህ። በመጀመሪያው ግብዣ ዘሎ የሚቀርብ ያላሳደጉት ነው። ኡሙሰልማ ሁለቱን "ኖ" ብላ ጨርሳ፣ ፈገግ እንዳለች ሦስተኛውን ትጠብቃለች። ሜጋን ደግሞ "ኦኬ፣ ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ" አለችና ካርታዋን ጠቀለለች። ኡሙሰልማ ሳምቡሳ ጠቅልላ ሰጠቻት፣ ገንዘብ አልቀበልም አለች፣ በደስታ ሸኘቻት።

ወደ ቤት ሲመለሱ መኪና ውስጥ ለጣሃ ነገረችው። "ሁለቴ ለመነችኝ። ተመልሳ ትመጣለች።"

"ደግ አደረግሽ" አለ እሱም። "ስግብግብ እንዳትልሽ።"

አይ ሁለቱ! ተስማምተው ገደል ገቡ።

ሜጋን አልመጣችም፤ ኮልም አላደረገች። በረዶው ጣለ፣ ቀለጠ፣ ማርች ገባ። አንድ ቀን ከፖርት ሀርሎ በኢሜይል የፕላኑ ካርታ መጣና ሸይማ ላፕቶፕ ላይ ከፈተችው። አይስክሬም ሻጩ ሱቅ ደርሶታል። የማጥመጃ ትል የሚሸጠውም ደርሶታል። የበረዶ ቤቱ ጥግ ላይ አንድ ዛፍና አንድ አግዳሚ ወንበር ተስሏል።

"እኔስ የት ነኝ?" አለች ኡሙሰልማ።

ሸይማ ያኔውኑ ለሜጋን ቢሮ ደወለች፣ አወራች፣ ዘጋች። ከዚያ ወደ እናቷ ዞረች፤ ዓይኗ ፈጧል። "ማም፣ ዩ ሴድ ኖ! ቱ ታይምስ!"

"አልኩ እንጂ! ታዲያ ዘልዬ አዎ ልበል?"

"ዲድ ዩ ዋንት ኢት ኦር ናት?"

"ከነፍሴ ነው የምፈልገው!" አለችና ያኔ ገባት። ወንበሩን ፈልጋ ተቀመጠች። ልደታ ሳይጠይቋት አፈረሱባት። እዚህ ጠየቋት፤ ሁለት ጊዜ ጠየቋት፤ ቤቷን በገዛ አፏ አፈረሰችው። ያ አላህ!

ከዚያ ቀን ወዲህ ፍርሃት አብሯት ሠፈረ። ፕላኑ በከተማው ምክር ቤት ስብሰባ ይጸድቃል፤ ከዚያ በፊት ነዋሪውም ነጋዴውም በዙም ገብቶ መናገር ይችላል። ሸይማ "ጀስት ቶክ ቱ ዘም" ትላለች፤ ለሷ ቀላል ነው፣ እዚህ ያደገች ልጅ። ጣሃ ግን ፊቱ ጠቁሯል። "አርፈሽ ተቀመጪ" አላት። "የሲቲዝንሺፕ ጉዳያችን ገና አላለቀም። መንግሥት ያወጣውን ፕላን ተቃወመች ብለው ስምሽን ቢይዙትስ?"

"ዜጋ ባልሆንም ሰው አይደለሁም?" አለችው። ግን እውነቱን እንናገር፣ እሷም የምትፈራው ያንኑ ነው። ልደታ ላይ የተቃወመውን ጎረቤታቸውን ሌሊት በሩን አንኳኩተው እንደወሰዱት አልረሳችም። በር በተንኳኳ ቁጥር ትደነግጣለች። ሆቴል ሥጋ ስትከትፍ ጣቷን ቆረጠች። ምግብ አልወርድ አላት። እቤት ስትጠፋ ሸይማ ፓርኪንግ ወርዳ ትሬለሯ ውስጥ ታገኛታለች፤ የጸዳውን መጥበሻ ደግማ ስታጸዳ።

የስብሰባው ቀን የዒድ ቀሚሷን ለበሰች። ኪችን ጠረጴዛ ላይ ላፕቶፑ ፊት ተቀመጠች፣ ሸይማ አጠገቧ። ጣሃ "እኔ የለሁበትም" ብሎ መኝታ ቤት ገባ፤ በሩን ግን ገርበብ አድርጎ ተወው። ሰብሳቢው መነጽር ያደረጉ ሽማግሌ ናቸው። አይስክሬም ሻጩ ማይኩን ከፍቶ ፕላኑን አመሰገነ። አንዲት ሴት ስለ መጫወቻው ተናገረች። ከዚያ ሰብሳቢው ስሟን እንደምንም ሰባብረው ጠሩትና፣ "እጅ አውጥተሻል፤ መናገር ትፈልጊያለሽ?" አሏት።

ያቺ ቃል! ምላሷ ላይ "ኖ፣ ኖ፣ ሌሎቹ ይናገሩ" የሚለው ተዘጋጅቶ ቁጭ ብሏል፤ የለመደ አፍ ምን ይደረግ። እጇ ወደ ደረቷ ሊሄድ ሲነሳ ሸይማ ከጠረጴዛው ሥር ጭምቅ አድርጋ ያዘችው።

"የስ" አለች ኡሙሰልማ።

ተናገረች። በተሰባበረ እንግሊዝኛ፣ እያላባት። ባገሬ ሰው ሲሰጥህ መጀመሪያ እምቢ ማለት ክብር ነው፣ ሦስት ጊዜ ይጠየቃል፣ ሜጋን ሁለቴ ጠየቀችኝ፣ እኔ ሦስተኛውን ስጠብቅ ክረምቱ አለፈ አለች። ጨረሰች። ሰብሳቢው አጎንብሰው ወረቀት ላይ አንድ ነገር ጻፉ። ይህን ታውቀዋለች፤ ልደታም ቀይ ቀለሙ ከመምጣቱ በፊት ጽፈው ነበር። "አበቃልኝ፣ ስሜን ያዙት" አለች በልቧ።

ሜጋን ማይኳን ከፈተች፤ ፊቷ ቀልቷል። "የመብራትና የውሃው መስመር በዚያ ጥግ ያልፋል። ዛፉንና ወንበሩን ወደ ግድቡ ማዞር እንችላለን" አለች። የምክር ቤቱ ሰዎች ተነጋገሩ፣ አንዱ ተቃወመ፣ ሰብሳቢው ደመደሙ፤ ፈቃደኛ ከሆነች ይታረም። ከዚያ ወደ ካሜራው ተጠጉ።

"ስለዚህ እጠይቅሻለሁ። ሱቁን ትፈልጊያለሽ?"

እንግሊዝኛው ከጭንቅላቷ ጠፋ። አንድም ቃል አልቀረም። "እፈልጋለሁ" አለች በአማርኛ፣ ጮክ ብላ፤ "እፈልጋለሁ! እፈልጋለሁ!"

ሰብሳቢው ግራ ተጋብተው መነጽራቸውን አስተካከሉ። ሸይማ ወደ ስክሪኑ አጎነበሰች። "ማይ ማም ሴድ የስ" አለች። "ሺ ሴድ ኢት ስሪ ታይምስ።"

ድምፅ ተሰጠ፤ አለፈ። ላፕቶፑ ተዘጋ። ኡሙሰልማ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ስታለቅስ ጣሃ ከመኝታ ቤት ወጣ። ግድግዳውን ተደገፈ።

"እንደዚያ በሰው ፊት እፈልጋለሁ፣ እፈልጋለሁ ስትዪ" አላት ቀስ ብሎ፣ "አላፈርሽም?"

ቀና አለች። ፊቷ በእንባ ርሷል።

"አፈርኩ እንጂ" አለችው። "ልደታም አፍሬ ዝም ብዬ ነበር፤ ያኔ ግን ከሐፍረቱ ጋር ቤቱም ሄደ።"