ቫርኒሽ ያልጠጣ እንጨት

ወንድሜ ፊቱን ታጥቦ አያደርቅም ነበር። ጠዋት ጠዋት ጉንጩ እንደረጠበ በረንዳ ላይ ይወጣና አንዴ ወደ አየር ማረፊያው፣ አንዴ ወደ የካ ጋራ ዞር እያለ የትኛው ጉንጩ ቀድሞ እንደቀዘቀዘ ያዳምጣል። «ዛሬ ከወደ ምሥራቅ ነው፤ ቀልጣፋ ነው» ይለኛል፣ ስለሚያውቀው ሰው እንደሚያወራ። ቦሌ አራብሳ አራተኛ ፎቅ ላይ ንፋስ መቼም አይጠፋም። ለእኔ ያጠብኩትን ልብስ ከገመድ የሚያወርድ ጠላት ነው። ለእሱ ግን ከአገሩ የቀረው ዘመድ ያው ንፋስ ብቻ ነበር።

አገራችን ጣና ዳር ነው። እኔ ለሥራ ብዬ ከወጣሁ ብዙ ዓመቴ ነው፤ አትላስ አካባቢ አንድ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል እሠራለሁ። ታላቅ ወንድሜ ደግሞ እዚያው ቀርቶ ጀልባ ይሠራ ነበር። ከደንገል ታንኳ የማያስር የለም፤ እሱ ከሳንቃ ሠርቶ ሸራ ሰቀለበት። መጀመሪያ ንፋሱ ወደፈለገበት ይዞት ስለሚሄድ ሰው ሳቀበት። «ሸራ ለድንኳን ነው፤ ወይ ልትድር ነው፣ ወይ ልቅሶ ደርሶብሃል» ይሉት ነበር። በኋላ ከጀልባዋ ጎን ወደ ውሃው የምትወርድ ሰሌዳ ጨመረ። ሸራው ወደ ጎን ሲገፋ ሰሌዳዋ ውሃውን ነክሳ ትይዛለች፤ ጀልባዋም ሰያፍ ሰያፉን እየሄደች ንፋሱ ወደሚመጣበት ትወጣለች። ከዚያ ወዲህ የሳቀ የለም። እንደዚያው ሥራልኝ ያለውም የለም።

አንድ ቀን መጥረቢያ ቀኝ እጁን ቆረጠውና ጅማቱን ሊታከም እኔ ጋ መጣ። ቁስሉ ዳነ፤ ሁለት ጣቶቹ ግን አልታጠፍ አሉ። ልመለስ ሲል መንገዱ ሰላም አጣ። ከወራት በኋላ ስልክ ሲገባልን፣ ጀልባዋን ለማገዶ እንደፈለጧት የአክስታችን ልጅ ነገረን።

«ሰሌዳዋንም?» ብሎ ጠየቀ ወንድሜ።

ሦስተኛ ፎቅ የሚኖር የቴክኒክ ኮሌጅ መምህር አለ። ለገጠር ጤና ኬላ መብራት የሚሰጥ ትንሽ የንፋስ ተርባይን ከተማሪዎቹ ጋር እየሠራ ነበር። ደረጃ ላይ ሲያወሩ ሰማኋቸው።

«ጋሼ፣ ክንፉን ከእንጨት የሚጠርብ እጅ አጣን።»

«እጅማ እኔም አጥቻለሁ» አለው ወንድሜ፤ ሁለቱም ሳቁ።

ሦስት ክንፍ ይጠርባል፤ ከሕንጻችን ጣሪያ ላይ ሳይንቀጠቀጡ ከዞሩ መምህሩ በኮሌጁ ወርክሾፕ ጠራቢ አድርጎ ያስገባዋል፤ እንዲህ ተባባሉ። ሳሎኔ የአናጢ ቤት ሆነ። የዋንዛ ጣውላ በኮላ ያጣብቃል፣ በሞርሳ ጠፍሮ ያደርቃል፣ ከዚያ በመላጊያ ቀስ እያለ ቅርጹን ያወጣል። ከሆቴሉ የተጣለ የጠረጴዛ ልብስ በረንዳው ላይ ወጥሮ አስተማረኝ። «ንፋስ ሸራን ከሆዱ ገፍቶ ብቻ አይደለም የሚወስደው፤ በጀርባው ሲያልፍም ይስበዋል። ይኼ ክንፍ ያው ሸራዬ ነው፤ እንጨት ሆኖ መጣ እንጂ።» ከሥሩ ጠምዘዝ፣ ወደ ጫፉ ሳሳ አደረገው። አንድ ቀን ከማይታጠፉት ጣቶች አንዷ ላላ ብላ፣ መላጊያውን በአራት ጣት ጨብጦ አየሁት። እሱም እንዳየሁት አየ።

«እታለም፣ እጄ እኮ አልሞተም።»

ያን ዕለት፣ እጁ ፈጽሞ ከዳነ ሱባኤ እገባለሁ ብዬ ተሳልኩ።

ሦስቱ ክንፎች ክብደታቸው እኩል መሆን ነበረበት። ምስማር ላይ ሚዛን ሠርቶ ሁለት ሁለቱን እያጋጠመ ይመዝናል። አንዷ ሁልጊዜ ታዘነብላለች። «ሰነፏ» ይላታል፤ በብርጭቆ ወረቀት እየፈተገ ስንት ቀን ለፋባት። በመጨረሻ እሷም ተስተካከለች።

ሊሞከሩ ሁለት ቀን ሲቀር ቫርኒሽ ሊገዛ ወጣ። «እንጨቱ ቫርኒሽ እስኪጠጣ ድረስ ውሃ እንዳያየው። ኮላው ውሃ አይወድም» ብሎ አስጠንቅቆኝ ነው የሄደው። በደንብ ሰምቼዋለሁ። ወለል ስወለውል እንኳ ጨርቄን ሁለቴ የምጨምቅ ሰው ነኝ። ጠበል ግን ውሃ ነው ብዬ አላሰብኩም። ጥፋቴ ይኸው ነው፤ ዛሬም ሌላ ቃል አላገኘሁለትም። ከቤተ ክርስቲያን ካመጣሁት የጠበል ጀሪካን ቀዳሁ፤ አቡነ ዘበሰማያት ደግሜ ሦስቱንም ረጨሁ። ሰነፏ ግን አሳዘነችኝ። የታመመ እግር እንደምንጠቀልለው ነጭ ጨርቅ በጠበል ነክሬ፣ ከብረቱ ጋር የምትታሰርበትን ሥሯን ጠቀለልኩላት። እሱ እስኪመለስ ውዳሴ ማርያም ደገምኩ። ኮቴውን ደረጃው ላይ ስሰማ ጨርቁን ፈትቼ ጠረግኋት።

ሲቀባት ቆም አለ። «እዚህ ጋ ቫርኒሹ ለምን ነጣብኝ?»

«ብርዱ ይሆናል» አልኩት።

የሙከራው ቀን፣ ቀትር ላይ፣ መምህሩና ልብስ ሊያሰጡ የወጡ ሁለት ጎረቤቶች ጣሪያው ላይ ነበሩ። ንፋሱ መጣ። ክንፎቹ ለመዞር አላቅማሙም፤ ከምሰሶው ሥር የታሰረችው አምፖል በራች። «እንግዲህ መብራት በሄደ ቁጥር እርስዎ በር ላይ ነው የምንሰለፈው» አለች አንዷ ጎረቤት። ወንድሜ አልሳቀም፤ ጆሮውን ወደ ላይ ሰጥቶ ነበር። እኔ የሰማሁት ከእሱ በኋላ ነው፦ በር እንደሚያንኳኳ ሰው፣ ቋ፣ ቋ። ምሰሶው ተንቀጠቀጠ። መምህሩ የማቆሚያውን ገመድ ሊስብ ሲንደረደር ሰነፏ ከሥሯ ተገንጥላ በረረች፤ የውሃ ታንከሩን መትታ ወደቀች። ሰው አልነካችም፣ ስሙ ይክበር።

«ጋሼ፣ ሰው ላይ ብታርፍስ? ጤና ኬላ በር ላይ እኮ ነው የምንተክለው» አለ መምህሩ። ድምፁን አላነሳም፤ ቢያነሳ ይሻል ነበር። ተርባይኑን አወረደ፣ የቀሩትን ሁለት ክንፎች ፈትቶ ትቶልን ሄደ።

ወንድሜ የተሰበረችውን አንስቶ የተላቀቀውን መጋጠሚያ በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። «ሞርሳውን በዚህ እጄ ስጠብቅ ላልቶብኛል» አለ። «እጄ ነው።» እኔ አጠገቡ ቆሜ ነበር። አፍ ነበረኝ።

ለንስሐ አባቴ ተናዘዝኩ። «ለእግዚአብሔር ነግረሻል፤ ለወንድምሽስ?» አሉኝ። ቀኖናዬ ይህ ብቻ ሆነ። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ ተመልሼ ነጠላዬን ሳላወልቅ ፊቱ ተቀመጥኩ።

«ወንድምጋሼ፣ እጅህ አይደለም። ጠበል ነክሬ የጠቀለልኳት እኔ ነኝ። ውሃ እንዳያያት ብለኸኝ ነበር።»

ፈገግ አለ፤ እጁ ከተጎዳ ወዲህ እንደዚያ በደግነት አይቶኝ አያውቅም።

«እታለም፣ እኔን ለማጽናናት ብለሽ በጠበል ትዋሻለሽ? ኃጢአት ነው፣ ተይ።»

«እውነቴን ነው።»

«ለምን ነጣ ብዬ ስጠይቅሽ ብርዱ ነው አላልሽኝም? አንቺ መቼ ዋሽተሽ ታውቂያለሽ?»

መማል ነበረብኝ። በሕይወቴ ምዬ አላውቅምና አልማልኩም። ደግሜ ነገርኩት፤ «እሺ፣ እሺ» እያለ እንደ ልጅ ጭንቅላቴን ዳበሰኝ፣ በዚያው በማይታጠፈው እጁ። ላላ ብላ የነበረችውም ጣት ተመልሳ ደርቃለች።

መምህሩ ሌላ ጠራቢ ማግኘቱን ሰማን። ወንድሜ አሁን አንድ ሕንጻ በር ላይ ቁጭ ብሎ የሚገባና የሚወጣ መኪና ይጠብቃል። ሁለቱ ክንፎች አልጋዬ ሥር ናቸው። አውጥተሽ ጣያቸው ብሎኝ ነበር፤ እኔ ሳልጥላቸው እሱም ሳይጠይቀኝ እየቀረ ነው። ጠዋት ጠዋት ፊቱን ይታጠብና ከመታጠቢያው ሆኖ «ፎጣ አቀብዪኝ» ይላል። ጉንጩን፣ አንገቱን፣ ከጆሮው ጀርባ ሳይቀር እስኪደርቅ ያብሰዋል። በረንዳውን አልፎ ሲወጣ ንፋሱ ሸሚዙን ይይዘዋል፤ እሱ የሸሚዙን ቁልፍ እስከ አንገቱ ቆልፎ ይሄዳል።