የሺሬ ቀይ መርፌ

ሺሬ ሐኪም ነኝ ብሎ አያውቅም፤ ሰው ሐኪም ሲለው ግን ዝም ይል ነበር። ድሬዳዋ ሁለት ዓመት ቁስል አጣቢ ድሬሰር ሆኖ ሠርቶ፣ ሐርጌሳ ውስጥ ጅግጅጋ ያር በሚባለው ሰፈር መድኃኒት ቤት የከፈተ ሰው ነው። እዚያ ደግሞ ክኒን ክብር የለውም፤ ያልተወጋ በሽተኛ ታከምኩ አይልም። ታዲያ ሺሬ ደረቱን ይዞ ለመጣ ሁሉ «የልብ መርፌ» እያለ ቀይ ቫይታሚን ይወጋ ነበር። እሱ እቴ፣ ምን ገዶት!

ሳያውቅ ቢሆን ምን ነበረበት። የእርስ በርስ ውጊያ ወደ ከተማው በገባ ሰሞን አንድ ሐኪም መጥቶ ነግሮታል። «የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት መንገድ ስለተዘጋ አይገባም። ደረቱን ጨምድዶ ለያዘው ሰው ቶሎ አስፕሪን አስኝከው፤ የልቡ ጡንቻ ሳይሞት ትደርስለታለህ።» ሺሬ ራሱን ነቀነቀ። ሐኪሙ ሲወጣ ግን «የራስ ምታት ክኒን ብሰጣቸው ይስቁብኛል» አለና፣ ነግ በኔ ሳይል በቀዩ መርፌ ቀጠለ።

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። አንድ ረፋድ መድኃኒት ቤቱ በሰው እንደተሞላ የገዛ ደረቱን ጨምድዶ ያዘው። ግራ እጁ ከበደው፣ ላብ አጠመቀው። ከጎንደር መጥታ ጽዳት የምትሠራለት ሸዋዬ፣ ስንቴ ሲወጋ ያየችውን ቀዩን መርፌ ሞልታ ሮጠች።

«አይዞዎት ጋሼ፣ የልቡን መርፌ ይዤልዎታለሁ!»

«ተይው! ቫይታሚን ነው፣ ምንም አያደርግልኝም! አስፕሪን ስጪኝ፣ ልሞት ነው!»

በአማርኛ ነው የጮኸው፤ ወረፋ የያዘው ሁሉ ሶማሊኛ ብቻ የሚሰማ መስሎት። ከፊት የቆመችው ዳሀቦ ግን ኢትዮጵያ፣ ጅግጅጋ ከተማ ያደገች ናት፤ አማርኛ አሳምራ ትሰማለች። ባሏ ጉሌድ ባለፈው ወር ደረቱን ይዞ መጥቶ፣ ቀዩን ተወግቶ፣ «አሁን ዳንክ» ተብሎ ተሸኝቶ ቤቱ ሳይደርስ ሞተ።

ሸዋዬ መደርደሪያውን ስታተራምስ ዳሀቦ አስፕሪኑን ከባንኮኒው ላይ አነሳች። ሺሬ አፉን ከፈተ። አልሰጠችውም። ያኔ አወቃትና ከሞቱ ይልቅ እሷን ፈራ።

«ጉሌድ እዚሁ ወንበር ላይ ነበር» አለችው በአማርኛ። «ይሄም ክኒን እዚሁ ነበር።»

ከዚያ አፉ ውስጥ ከተተችለት።

«አኝክ! ድነህ የመርፌህን እውነት ለነዚህ ሁሉ በሶማሊኛ ትነግራቸዋለህ።»

ሺሬ እያለቀሰ አኘከ። ከኋላ አንዲት ሴትዮ በሶማሊኛ «ምስኪን! ያን የመሰለ መርፌ እያለ በክኒን ሊገድሉት ነው» አለች።