ለእንግዳ የታጠበ ወለል

አስራትን ጉድ የሠራው ይሉኝታ ነው፤ ሌላ ማንም አይደለም።

ሳን ሆዜ ውስጥ የኪችን ካውንተር ድንጋይ የሚቆርጥ ሾፕ ውስጥ ነው የሚሠራው። ታናሽ ወንድሙን ባስልኤልንም በዲቪ እንደመጣ እዚያው ያስቀጠረው እሱ ነው። በውሃ መቁረጥ ሥራ ያጓትታል ተብሎ ደረቁን ይቆርጡታል፤ ብናኙ እንደ ዱቄት ፊታቸው ላይ ይለጠፋል። ባስልኤል ማሳል ሲጀምር አስራት አቧራ የሚመጥ ማሽን ይገዛልን ብሎ የሾፑን ባለቤት ነዘነዘው። ሰውዬውም በመጨረሻ «እሺ፣ ይለካ፤ ከበዛ እገዛለሁ» አለ።

ለኪዋ ማን ብትሆን ጥሩ ነው? መቅደስ! ኦክላንድ አብረው የሚያስቀድሱት የእትዬ እጅጋየሁ ልጅ። አስራት ይህን ሲሰማ የሚይዝ የሚጨብጠው ጠፋው። ማለዳ ገብቶ ወለሉን አጠበ፣ ትልቁን በር ወለል አድርጎ ከፈተ፣ «ዛሬ በውሃ ነው የምንቆርጠው» ብሎ አወጀ። ባለቤቱ አይቶ እንዳላየ አለፈ። ምን ቸገረው!

«ጋሼ፣ አቧራውን ልትለካ አይደል እንዴ የምትመጣው?» አለ ባስልኤል።

«ዝም በል! የሰው ልጅ ጠርተን አቧራ ልናቅማት ነው? እናቷስ ምን ትለናለች?»

መቅደስ መጥታ አቧራ የምትለካበትን ትንሽ ፓምፕ አስራት ቀበቶ ላይ አሰረችለት፤ አየር የምትስበውን ቱቦ ኮሌታው ላይ ሰካች። ሥራ ሲያልቅ እየፈታችለት ጠየቀችው።

«ጋሽ አስራት፣ በዓመት ምን ያህል አቧራ እንደሚተነፍሱ ከዚህ ተነስተን ነው በሞዴል የምናሰላው። ዛሬ ኖርማል ቀን ነበር? ሁልጊዜ እንደዚህ ነው የምትሠሩት?»

እውነቱን ተናግሮ መገላገል ይችል ነበር እኮ! አፉ ድረስ መጥቶለት ነበር። ግን ወለሉን አየ፤ ደስ ብሏት ስትስቅ አያት።

«እኛማ ሁሌም እንደዚህ ነን፣ ልጄ» አላት፣ ደረቱን ነፍቶ።

ውጤቱ መጣ፤ አቧራው ከተፈቀደው በታች ነው ተባለ። ማሽኑ ቀረ። እነሱም ወደ ደረቁ ተመለሱ። አስራት ደንግጦ መቅደስን ኮል አደረጋት፤ እንደዋሻት ነገራት።

«ወይኔ ጋሽ አስራት! ምን ነካዎት? እንደገና ለመለካት እኮ ባለቤቱ መፍቀድ አለበት።»

አስራት ሄዶ ይለካልን ብሎ ሲለምነው ባለቤቱ ሳቀ። «አንተ ራስህ አይደለህ እንዴ ሁሌም እንደዚህ ነው ያልካት?» ብሎ ወደ ቢሮው ገባ።

የቀረው ወንድሙን መለመን ነበር። «ባስልኤል፣ በእናትህ፣ ይህን ሥራ ተወው። ኡበር ንዳ፣ የፈለግከውን ሥራ፣ ብቻ ከዚህ ውጣ።»

ባስልኤል ሳሉ እስኪለቀው ጠበቀ።

«ለእጅጋየሁ ልጅ ሳንባ ያዘንከውን ያህል ለእኔ ብታዝንልኝ ምን ነበረበት?» አለውና መቁረጫውን አስነሳ።