ይሉኝታ ከውሃ በታች

ስብሰባ አልወድም። የዕቁብ ይሁን የቤተ ክርስቲያን ኮሚቴ፣ ግማሽ ሰዓት ካለፈ እግሬ ብቻውን መወዛወዝ ይጀምራል። እናማ በአንዲት ትንሽ አውሮፕላን ማረፊያ፣ አውሮፕላን በሚያድርበት ሃንጋር ውስጥ፣ ብረት ወንበር ላይ ተቀምጬ ስለ ደህንነት ደንብ መሻሻል ሙሉ ቅዳሜ አዳምጣለሁ ብሎ ጠንቋይ እንኳ ቢነግረኝ ገንዘቤን መልስ እለው ነበር።

ሰዎቹ የባሕር ጠረፍ ጠባቂዎችን የሚረዱ በጎ ፈቃደኛ አብራሪዎች ናቸው። ደመወዝ የላቸውም። በትንንሽ አውሮፕላኖች፣ በዕረፍት ቀናቸው፣ የባሕሩን ዳር ተከትለው እየተመላለሱ ሞተሩ የቆመበት ጀልባ፣ የተገለበጠ ታንኳ፣ ሸሚዙን አውልቆ የሚያውለበልብ ሰው ይፈልጋሉ። ካገኙ በሬዲዮ ይናገሩና መርከቡ እስኪደርስ ከላይ ይዞራሉ። በአዘቦት ቀን አንዱ ቧንቧ ሠራተኛ ነው፣ አንዷ ጡረታ የወጣች አስተማሪ። እኔ ተመልካች ነበርኩ። ተመልካች ማለት ከአብራሪው በስተቀኝ ተቀምጦ ዓይኑን ከባሕሩ የማያነሳ ሰው ነው። ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም፤ ለዚህ ሥራ ግን የሚፈለገው ዓይንና ትዕግሥት ነው። ዓይን አለኝ።

ያስገባኝ ጋሼ ነው። ያኔ፣ በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ መጨረሻ፣ ፌርፋክስ መንገድ ላይ የእኛ አገር ምግብ ቤቶች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ እኔ ከአንዱ አስተናግድ ነበር። ጋሼ ደንበኛችን ነው። አገር ቤት እያለ አዋሽ ላይ በአውሮፕላን የጥጥ ተባይ መድኃኒት ይረጭ ነበር፤ እዚህ ታክሲ ይነዳል። አንድ ቅዳሜ ከጃኬቱ ሥር ብርቱካናማ ቱታ አየሁና ምንድን ነው ብዬ ጠየቅኩት። ምንም አይደለም አለኝ። ምንም ያልሆነ ነገር እንዲህ አያበራም አልኩት። ሲነግረኝ ምሳው ቀዘቀዘ። ዓይኑ ደክሞ መብረር የተከለከለ አንድ የጥርስ ሐኪም አውሮፕላኑን ትቶለታል፤ ከቆመ ይዝጋል፣ አብርርልኝ ብሎ። ባሕር ላይ ለሚበርበት ነዳጁን በጎ ፈቃደኞቹ ይሸፍናሉ።

«ውሰደኝ» አልኩት።

«ያስመልስሻል?»

«እንጃ። እንየዋ።»

የዚህን አገር ዜግነት ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብዬ ምዬ ስለተቀበልኩ ወረቀቱ አላስቸገረም። የመጀመሪያ ቀን አስመለሰኝ። በሁለተኛው አላስመለሰኝም። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ የሚባል ቀን ለሌላ ነገር አልሰጠሁም።

ወደ ስብሰባው ልመለስ። ደንቡ ሲነበብ እንደፈራሁት አንቀላፋሁ። የነቃሁት ቧንቧ ሠራተኛው ተነስቶ በዓመቱ የሠራውን ስህተት መናገር ሲጀምር ነው። ጀልባ አጥርቶ ለማየት ብሎ ዝቅ ብሎ ሲዞር ፍጥነቱን እንደረሳ፣ አውሮፕላኑ ሥሩ ሲንቀጠቀጥ እንደነቃ፣ ምን እንዳዳነውና ምን ሊያደርግ ይገባው እንደነበር ተናገረ፤ ተቀመጠ። ማንም አልሳቀበትም፣ ማንም ምክር አልደረበበትም። ከዚያ አስተማሪዋ ተነሳች። እኔ ያደግኩት ጥፋት ሲገኝ «ማነው?» በሚባልበት ቤት ነው፤ እነዚህ ግን ጥፋታቸውን እንደ ወንበራቸው ራሳቸው ዘርግተው ይቀመጡበታል። እንደዚህ ያለ ስብሰባ እስከ ማታ ቢቆይም ይቆይ አልኩ።

የዓመቱ ትልቅ ለውጥ መጨረሻ ላይ መጣ። ጀልባ የሚበዛበት ወራት ሳይገባ፣ ባሕር ላይ የሚበር ሁሉ ውሃ ውስጥ ከተገለበጠ አውሮፕላን መውጣት መቻሉን በመዋኛ ገንዳ ይፈተናል። አብረው የሚበሩ አብረው ይፈተናሉ። ያላለፈ አይበርም።

ጋሼን አየሁት። ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ ያሽከረክራል። ዋና የተማረው ሃምሳ ዓመት ካለፈው በኋላ ነው፤ ክሬንሾው ሰፈር ከሚገኝ የሕዝብ መዋኛ ገንዳ፣ ወገባቸው ላይ ጎማ ካሰሩ ሕፃናት ጋር፣ ሌሊቱን ታክሲ ሲነዳ አድሮ ጠዋት እየሄደ። ለዚህ ሥራ ሲል ብቻ። ፈተናውን ከወደቀ የሐኪሙ አውሮፕላን ወደ ሌላ አብራሪ ይሄዳል። ታክሲ ነጂ ደግሞ አውሮፕላን በሰዓት ተከራይቶ አይበርም። ስለዚህ ለእኔ ቅዳሜዬ ነው የሚቀርብኝ፤ ለእሱ ግን መብረር የሚባለው ነገር በዚያው ያበቃል።

ገንዳው ዳር የጠበቀችን አሠልጣኝ የቀድሞ የባሕር ኃይል ነርስ ነች፤ ፀጉሯን አሳጥራ የተቆረጠች፣ ድምጿ ያለ ማጉያ ወዲያ ማዶ የሚደርስ። ከቧንቧ የተበየደ ሳጥን አለ፤ ሁለት ወንበር፣ ሁለት በር፣ ሁለት ቀበቶ። ቱታ ለብሳችሁ፣ በአየር የሚነፋውን የመንሳፈፊያ ቬስት አጥልቃችሁ፣ ጫማችሁን እንዳደረጋችሁ ትታሰሩና ሁለት ዋናተኞች ሳጥኑን ይገለብጡታል። ጭንቅላት ታች፣ እግር ላይ፣ አፍንጫ ውስጥ ክሎሪን። ምክሯ አጭር ነው፦ አንድ እጅ የበሩን ጠርዝ ይያዝ፣ ምንም ቢመጣ አይልቀቅ። ውሃው እስኪረጋጋ ጠብቁ። በሩን ክፈቱ፣ ከዚያ ቀበቶ፣ ከዚያ በያዛችሁት እጅ ራሳችሁን ጎትቱ። አትርገጡ፤ የምትረግጡት የጓደኛችሁን ፊት ነው።

በመጀመሪያው ዙር እያንዳንዳችን በየበራችን ወጣን። ጋሼ ሲወጣ ዓይኑ ቀልቷል፣ ግን ወጣ። ቀለለኝ። ይኼ ነው እንዴ አልኩ በልቤ።

በሁለተኛው ዙር የግራው በር ተበላሽቷል ተባለ። ሁለታችሁም በቀኙ ውጡ። የቀኙ የእኔ ነው።

ተገለበጥን። በሬን ከፈትኩ፣ ቀበቶዬን ፈታሁ። እዚህ ላይ የሆነውን እስከ ዛሬ ሳስበው ይገርመኛል። እኔ አንቱታን ከአፌ ካስወጣሁ ቆይቻለሁ፤ ጋሼን ራሱን አንተ ነው የምለው፤ እትዬዎች በዚህ ተማርረው ትተውኛል። ሰውነቴ ግን ወሬው አልደረሰውም። ታላቅ ሰው ከኋላዬ አለና በር ላይ ነኝ፤ ጀርባዬን ከወንበሩ አጣብቄ መንገድ ለቀቅኩለት፤ በእጄም ቅደም አልኩት። እሱም ቀበቶውን ፈትቶ መዳፉን ዘርግቶ ቅደሚ አለኝ። እኔ ደግሜ ቅደም። እሱ ደግሞ፣ ራሱን ነቅነቅ አድርጎ፣ ኧረ ቅደሚ። ዋናተኞቹ መጥተው በየብብታችን ይዘው አወጡን።

አሠልጣኟ ሳላችን እስኪያልቅ ጠበቀች። «ታች ምን ስትሠሩ ነበር? ስታወሩ ነው ያየኋችሁ።»

እኔ ጋሼን አየሁ። ጋሼ ውሃውን አየ።

«እኔ እንድቀድም ጠበቀችኝ፤ እኔ ደግሞ እሷ እንድትቀድም» አለ።

«ለምን?»

«እኔ ታላቋ ነኝ። እሷ ደግሞ እንግዳዬ ነች፤ አውሮፕላኑን የማበርረው እኔ ነኝ።»

ቧንቧ ሠራተኛው ተራውን እየጠበቀ ነበር። በእናንተ አገር ቤት ሲቃጠል ማነው ቀድሞ የሚወጣው ብሎ ጠየቀ።

«ተግደርድረው እስኪጨርሱ ማንም አይወጣም» አለ ጋሼ።

ገንዳው ዙሪያ ያለው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም አፍንጫዬ እየነደደኝ ሳቅሁ። አሠልጣኟ አልሳቀችም። በበሩ አጠገብ የተቀመጠ የበሩ ባለቤት ነው አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች፦ «አንቺ ካልወጣሽ እሱ መውጫ የለውም። ያከበርሽው መስሎሽ ቆልፈሽበት ነው የተቀመጥሽው።»

ከሁለት ሳምንት በኋላ የመጨረሻ ዕድል አላችሁ ብላ አሰናበተችን።

የተመለስነው በጋሼ ታክሲ ነው። ፓልምስ ሰፈር፣ ቤቴ በር ስንደርስ፣ ሌላ ተመልካች ይዘህ ተፈተን አልኩት። ፈረንጅ ያዝ፤ ፈረንጅ አይጠብቅህም።

«ፈረንጁ ጀልባ አያይም፤ ሳንድዊቹን ነው የሚያየው» አለኝ። «ሰኞ ከሥራ በፊት ነይ።»

ሰኞ ታክሲውን ከምግብ ቤቱ ጀርባ፣ የእሱን በር ከግድግዳው አስጠግቶ ፓርክ አደረገው። በእሱ በኩል ድመት አትወጣም። ቀበቶ አሰርን፣ ዓይናችንን ጨፈንን፣ «ውጪ» ሲለኝ መውጣት ነው። ቀላል ይመስላል። በሩን ከፈትኩ፣ አንድ እግሬ አስፋልት ረገጠ፣ አንገቴ ዞሮ እሱን አየ።

«አትዪኝ» አለ። እንደገና። እንደገና አየሁት። በሦስተኛው በሩን ይዤለት ቆምኩ። ጋሼ ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ።

ወጥ ቤቷ እትዬ፣ ሽንኩርት እየላጠች፣ በጓሮ በር ቆማ ታየናለች። ምን ቢያደርግሽ ነው ካንድ መኪና አሥር ጊዜ የምትሸሺው አለችኝ። ሥልጠና ነው አልኳት። መውረድ አሁን ነው የምትማሪው፣ እስከ ዛሬ በመስኮት ነበር እንዴ አለች። እንዲህ እያለች ያን ሳምንት ሙሉ ጨፈረችብኝ።

ግን ለምን እንደምዞር ለራሴም ግልጽ አልነበረም። ለጋሼ ነገርኩት፤ እንደ ሌባ ነው የሚሰማኝ፣ ጥዬህ የምሮጥ ነው የሚመስለኝ አልኩት። ሞተሩን አጠፋ።

«ስሚ» አለኝ። «ጥጥ ላይ ስረጭ ብቻዬን ነበርኩ። ብቻውን የሚበር ሰው የገዛ ነፍሱን ብቻ ነው የሚይዘው። አሁን አንቺ አለሽ። አንቺ መውጣትሽን ሳላይ እኔ ቀበቶዬን አልፈታም። ያን ቀን ፈትቼ የተግደረደርኩት ጥፋት ነበር፤ ከእንግዲህ አልፈታም። ሶ፣ እኔ እንድወጣ ከፈለግሽ ጥለሽኝ ውጪ።»

ከዚያ በኋላ ወጣሁ። በክርኔ በሩን ገፍቼ፣ ሳልዞር፣ ይቅርታ ሳልል፣ ቆሻሻ መጣያው ድረስ። እትዬ ከጓሮ በር ምን ያለች ባለጌ ነች ስትል ሰማሁ። ጋሼ ከታክሲው ውስጥ አጨበጨበ።

በሁለተኛው ፈተና ቀን አሠልጣኟ አዲስ ነገር ጨምራ ጠበቀችን፤ እውነተኛው አውሮፕላን ውስጥ የምናደርገውን ዓይነት የጆሮ ማዳመጫ ጭናችን ላይ አስደረገችን፣ ገመዱ ሳጥኑ ላይ የተሰካ። የግራው በር ተበላሽቷል አለች። ተገለበጥን።

እጄ ጠርዙን ያዘ። በሩን ከፈትኩ፣ ቀበቶዬን ፈታሁ፣ ወጣሁ። አልዞርኩም። አናቴ አየር ሲያገኝ ቬስቴን ነፋሁና የገንዳውን ጠርዝ ያዝኩ። ከዚያ ነው የዞርኩት።

ጋሼ የለም።

ውሃው ላይ አረፋ ብቻ። ዋናተኞቹ ሳጥኑን ይዘው ወደ ታች ያያሉ፣ አይነኩትም። አሠልጣኟን አየሁ፤ እሷ እጇን አንስታ ጠብቁ አለች። ልመለስ ስል ጎንበስ ብላ የቬስቴን ማንገቻ ጨመደደችው። የወጣ አይመለስም፤ ደንቡ ይኼ ነው፤ የተነፋ ቬስት ያደረገ ሰው ወደ ታች ቢሄድ በሩን ይዘጋል እንጂ ማንንም አያወጣም። አውቀዋለሁ። ማወቄ ምንም አልጠቀመኝም። እጇን ለመንከስ አስቤ ነበር፤ እውነቴን ነው።

በዚያ መሀል ግን በጠራው ውሃ ውስጥ አየሁት። አይታገልም። አንድ እጁ የወንበሬን ብረት ይዟል፤ በሌላው ደረቱን፣ ከዚያ ወገቡን፣ ከዚያ ክንዱን ይዳብሳል፤ በጨለማ ቤት ክብሪት እንደሚፈልግ ሰው፣ በእርጋታ። ገመዱ ከቀበቶው ጋር ተጠላልፏል። አገኘው፣ በጣቱ አንስቶ አሳለፈው፣ ቀበቶውን ፈታ፣ እጅ በእጅ እየያዘ በበሬ ወጣ። ይህ ሰው ከጥቂት ዓመት በፊት ፊቱን ውሃ ውስጥ መንከር የሚፈራ ሰው ነው። ብዙ ጀግና ነን ባይ አይቻለሁ፤ ሲጨነቅ እንዲህ ቀስ የሚል ሰው ግን አላየሁም።

ብቅ ሲል መጀመሪያ ያደረገው እኔን መፈለግ ነው። አየኝ። «ሁለት ሰው፣ ሁለቱም ደህና» አለ በእንግሊዝኛ፣ ለአሠልጣኟ፤ አብራሪ ሲወጣ ሰዎቹን ቆጥሮ ማሳወቅ አለበትና። ከዚያ ሳል ያዘው።

አልፋችኋል አለች። ማንገቻዬንም ያኔ ለቀቀችው።

እኔ ወደ መሰላሉ መዋኘት ጀመርኩ። ርቦኛል፣ ከንፈሬ ሰማያዊ ሆኗል፣ ሥራም ይጠብቀኛል። ጋሼ ግን ሳጥኑን ይዞ ገመዱን ያገላብጣል።

«አንድ ጊዜ እንድገመው» አላት።

«አልፈሃል እኮ።»

«ፈተናውን አለፍኩ። ገመዱን አላለፍኩም።»

አሠልጣኟ ፊቱን አየችው። ከዚያ ሌሎቹን ሁሉ ወደ ገንዳው ጠርዝ ጠርታ ምን እንደሆነ ንገራቸው አለችው። ጋሼ ውሃ እየተንጠባጠበ፣ በዚያ በተቆራረጠ እንግሊዝኛው፣ ገመዱ የት እንደያዘው፣ ስንት ነገር ዳብሶ እንዳገኘው፣ ከቀበቶው በፊት የገመዱን መሰኪያ መንቀል እንደነበረበት አሳያቸው። ቧንቧ ሠራተኛው ሲያዳምጥ እጁ በአየር ላይ፣ ሳያውቀው፣ የማይታይ ገመድ ይነቅላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁሉም መጀመሪያ ገመድ፣ ከዚያ በር፣ ከዚያ ቀበቶ ሆነ።

ጋሼ ወንበሩ ላይ ወጥቶ ታሰረ። ወደ እኔ ዞረ።

«ተዘጋጅተሻል?»

«በርዶኛል።»

«እሱን አልጠየቅኩሽም።»

ተመልሼ ገባሁ፣ ታሰርኩ፣ እጄን ጠርዙ ላይ አደረግኩ። ሳጥኑ ተገለበጠ። ገመዴን ነቀልኩ፣ በሬን ከፈትኩና ጥዬው ወጣሁ።