ባለ አንበሳውን ብር ፎቶ ያነሳሁ ጊዜ

ሰባተኛ ክፍል እያለሁ አባቴ ከአያቴ የወረሰው አንድ ብር ነበረው። የወረቀት ብር አይደለም፤ ድሮ አያቴ ጨውና አቡጀዲ ሲነግዱበት የኖሩት፣ በአንድ ፊቱ አንበሳ ያለበት፣ መዳፍ የሚሞላ ከባድ ብር ነው። ሞጣ ገበያ ዳር ባለችው ሱቃችን ውስጥ፣ በትንሽ የቆዳ ከረጢት ተቋጥሮ ይቀመጥ ነበር። ከከረጢቱ ሲወጣ የአሮጌ ቆዳና የቅርንፉድ ሽታ ይዞ ይወጣል። በአንበሳው ዙሪያ ፊደል እንደነበረበት ያስታውቃል፤ ግን የስንቱ ሰው ጣት ስላሸው አንብቦት የሚያውቅ አልነበረም። «ምን ይላል?» ስንለው አባቴ «ጽሑፉንማ ገበያ በልቶታል» ይለን ነበር።

በዚያ ዓመት ቢቸና ላይ የተማሪዎች የውድድር ዐውደ ርእይ ተዘጋጀና የሶሻል መምህራችን ስለ ድሮ መገበያያ እንዳቀርብ እኔን መረጠኝ። ደስታዬ ቤት እስክደርስ ብቻ ነው የቆየው። ብሮቹ መጀመሪያ ሁለት ነበሩ፤ አንዱን አንድ ዘመዳችን «ለሰርግ ላሳየውና ልመልሰው» ብሎ ወስዶ በዚያው ቀርቷል። አባቴ «ይኼኛው ከዚህ ደጅ አይወጣም፤ በቃ» አለ። እንባዬን እየጠረግሁ ለመምህሬ ብነግረው «እንግዲያው ፎቶ አንስተሽ አምጪ። ጽሑፉ ካልታየ ግን ሌላ ተማሪ እተካለሁ» አለኝ። አምስት ቀን ነበረኝ።

ያለን ካሜራ የእናቴ የቻይና ሞባይል ብቻ ነበር፤ እሱም መስታወቱ የተሰነጠቀ። በፍላሽ ሳነሳው ብሩ እንደ ፀሐይ ነጭ ብቻ ሆኖ ይወጣል። ያለ ፍላሽ ስጠጋው ይደበዝዛል፣ ስርቅ ምስር ያክላል። በሦስተኛው ቀን አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ አባቴ ደረሰኝ ሲያነብ መነጽሩን ያደርጋል፣ ያን ጊዜ ፊደሉ ይጎላለታል። መነጽሩን ከመደርደሪያው አነሳሁና አንዱን መስታወት በሞባይሉ ካሜራ ላይ በፕላስተር አሰርኩት። የእናቴን ጥቁር ሻርፕ ዘርግቼ ብሩን መሃል አስቀመጥሁ፤ እጄ እንዳይንቀጠቀጥ ሞባይሉን በሁለት የዱቄት ወተት ቆርቆሮዎች መካከል አጋደምኩት። አንበሳው ጥርት ብሎ መጣ። ፊደሉ ግን አሁንም የለም።

«መነጽሬን ያየ!» እያለ አባቴ የገባው በዚህ መሃል ነው። መነጽሩ በፕላስተር ተጠፍንጎ ሲያየው ሊቆጣኝ ነው ብዬ ወደ ኋላ አፈገፈግሁ። አጎንብሶ ስክሪኑን አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ «ብርሃኑ በዝቶበት እንደሆነስ?» አለኝና የሱቁን በር ይገፋ ጀመር። በሩ ሊገጥም አንድ ስንዝር ሲቀረው የጠዋቱ ፀሐይ እንደ ክር ቀጥና በብሩ ጎን ገባች። ያ ልሙጥ ይመስል የነበረው ዳርቻ ጥላ አወጣ፤ ፊደሎቹ አንድ በአንድ ብቅ ብቅ አሉ።

«ቁም! አባዬ፣ በሩን እንዳትነካው!» ብዬ ጮኽሁ። አባቴን ቁም ብዬ ያዘዝኩት ያን ቀን ብቻ ነው። እሱም ቆመ፤ ትንፋሹን ሳይቀር ይዞ።

ፎቶውን በትልቁ አሳጥቤ፣ ከመምህሬ ጋር የግንደወይንን ከተማ አልፈን ቢቸና ስንደርስ፣ አጠገቤ የተመደበው ልጅ ያንኑ ዓይነት ብር ራሱን በቀይ ከፋይ ላይ አስቀምጦ አገኘሁት። ሰው ሁሉ እሱ ላይ ተደፋ። ከዳኞቹ አንዱ «ያንቺ ፎቶ ብቻ ነው?» ሲለኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ከዳኞቹ መካከል ግን አንድ ሽማግሌ የቅኔ መምህር ነበሩ። የልጁን ብር አገላብጠው አዩት፤ ማንበብ አልቻሉም። ከዚያ ወደ እኔ ፎቶ ዞሩና ጣታቸውን እያስከተሉ ጮክ ብለው አነበቡ፦ «ሞዐ... አንበሳ... ዘእምነገደ... ይሁዳ!»

«ልጄ፣ ይህን ከየት አወጣሽው?»

ስለ መነጽሩ፣ ስለ ቆርቆሮውና ስለ በሩ ነገርኳቸው። እንባቸው እስኪፈስ ድረስ ሳቁ። «ብሩን በበሩ አስነበብሽዋ!» አሉና ወደ ሌሎቹ ዳኞች ዞረው «አንደኛ ይቺ ናት» አሉ። የተቃወመ አልነበረም። ያ ልጅ እንኳ መጥቶ «የእኔንም ታነሺልኛለሽ?» ብሎ ጠየቀኝ።

በማግስቱ ሞጣ ስንገባ የገበያ ቀን ነበር። አባቴ በገበያ ቀን ሱቅ ዘግቶ አያውቅም፤ ያን ቀን ግን ዘግቶ መናኸሪያ ቆሞ ጠበቀኝ። የምስክር ወረቀቱን ተቀብሎኝ መንገዱን ሙሉ ለሚያውቀውም ለማያውቀውም እያሳየ ወደ ቤት ወሰደኝ።

ዛሬ ስልኬ ሦስት ዓይን አለው፤ ጨለማ ውስጥም ጥርት አድርጎ ያነሳል። ሺህ ፎቶ አነሳለሁ፣ መልሼ አላያቸውም። እስከዚያ ዓመት ድረስ ገበያው የሚያውቀኝ «የሰይድ ልጅ» በሚል ነበር። ባለፈው ሞጣ ሄጄ ሱቁ ውስጥ ቁጭ ብዬ ሳለ አንድ አዲስ ደንበኛ አባቴን ስሙን ሲጠይቀው ሰማሁ።

«የሰሚራ አባት» አለው። ሌላ ስም አልጨመረም።