ፀሐይ አይፈራም የተባለው ጊታር

ነገሩ የሆነው አምና በጋ፣ የአዳማ ሙቀት አላስቀምጥ ባለን ሰሞን ነው። ዛሬም ጥቁር ነገር ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ካየሁ ሮጬ ጥላ ውስጥ አስገባዋለሁ።

ታላቅ ወንድሜ ገመቹ ጊታር ሠሪ ነበር። ጣውላ ሲገዛ በጣቱ እያንኳኳ፣ ጆሮውን ለጥፎ ካላዳመጠ አይከፍልም። ባለሱቆቹ "ደሞ ሐኪሙ መጣ!" እያሉ ይስቁበታል። ምን ዋጋ አለው፣ ሙቀቱ ለእንጨት አያዝንም። የለፋበት ጊታር በጋ ሲመጣ እየተሰነጠቀ ይመለስለታል። ደንበኞቹም ሸሹ።

ያኔ ነው ስለ ካርቦን ፋይበር የሰማው። ጥቁር ጨርቅ ነው፤ ሬዚን በሚባል ማጣበቂያ እየተለወሰ ቅርጽ ላይ ሲነባበር ይጠነክራል። ውጭ አገር በእንጨት ፋንታ ጊታር ይሠሩበታል አሉ። በስንት ልመና ለአንድ ጊታር የሚበቃ ከዱባይ አስመጣ።

"ይሄ ካልሆነልኝ እጄን ከጊታር አነሳለሁ" አለኝ።

ሆነለት። ሲጫወትበት ድምፁ ጥርት ብሎ ወጣ፤ እንባዬ መጣ።

ከባቱ ከተማ የቤተ ክርስቲያን መዘምራን መሪ አቶ ለማ ሊያዩት መጡ። ከወደዱት ለመዘምራኑ ሁሉ ሊያሠሩ ነው።

"አካም ጅርታ ገመቹ? ይሄም ፊት እንደሠራህልኝ የእንጨት ጊታር ይሰነጠቅብኛል?"

ወንድሜ ሳቀ። "ጋሼ፣ ይሄ ፀሐይ አይፈራም። ይዩት!" ብሎ ከነክሩ ደጃፉ ላይ፣ ቀትር ፀሐይ ላይ አጋደመው። እንጨት ቢሆን ኖሮ በጨርቅ ሸፍኖ ጥላ ይፈልግለት ነበር። እኔም በኩራት አጨበጨብኩ።

ቤት ገብተን ለስላሳ እየጠጣን ቆይተን ስንወጣ የጊታሩ ሆድ አብጧል። እውነትም አልተሰነጠቀም። ግን ጥቁር ነውና ፀሐዩን ስቦ፣ ሬዚኑ ለስልሶ፣ ክሩ ጎትቶ አጣሞታል። ገመቹ ሲያነሳው እጁን ፈጀው፤ እሱ ግን አልለቀቀውም።

አቶ ለማ ክፉ አልተናገሩም። "አይዞህ ልጄ፣ ጌታ ያውቃል" ብለው ትከሻውን መታ መታ አድርገው ወደ መናኸሪያ ሄዱ። ቢቆጡት ይሻል ነበር።

አሁን ገመቹ የሰው ወርክሾፕ ተቀጥሮ አልጋ ይሠራል። ያቀበሉትን ጣውላ ዝም ብሎ ይቸነክራል። ይረሳዋል ብዬ ብዙ ጠበቅኩ፤ አሁን ግን ተስፋ ቆርጫለሁ። ቤቴ ምሳ ሊበላ ሲመጣ፣ አንዳንዴ ሆን ብዬ ጠረጴዛውን በጣቴ አንኳኳለሁ።

ቀና እንኳ አይልም።